የዲያሊሲስ ሥልጠና አመራረጥ፦ የትኛው ዓይነት የትኛውን ክፍተት ይሞላል?

በኩላሊት እጥበት ክፍል ለሚሠራ ነርስ፣ ቴክኒሺያን ወይም ሐኪም የሚቀርበው ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ብዙ መልክ አለው። በራስ ፍጥነት የሚጠና የኦንላይን ኮርስ፣ ዌቢናር፣ የሲሙሌሽን (አስመስሎ የመለማመድ) ዎርክሾፕ፣ በሥራ ላይ በአማካሪ ነርስ የሚሰጥ ልምምድ፣ የማሽን አምራች ሥልጠና፣ ጉባኤ፣ የሰርተፊኬሽን ፈተና አለ። ሁሉም የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። የምስክር ወረቀቱ ሠልጣኙ ስንት ሰዓት እንደተቀመጠ ይናገራል፤ በማግስቱ መርፌውን እንዴት እንደሚያስገባ ግን አይናገርም። ስለዚህ ይህ ንጽጽር ፈቃድ ለማደስ ከሚቆጠረው ክሬዲት ነጥብ ሳይሆን ከክፍተቱ ይነሳል።

መጀመሪያ ክፍተቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

ዓረፍተ ነገሩ በዓይን የሚታይ ድርጊት ይኑረው። «ስለ ፊስቱላ ያለኝን ዕውቀት ማሳደግ» (ፊስቱላ ለእጥበት መርፌ መውጊያ እንዲሆን በቀዶ ሕክምና ከአርቴሪ ጋር የተገናኘ የክንድ ደም ሥር ነው) ለምርጫ አይረዳም፤ የትኛውም ኮርስ ያሟላዋል። «ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጋ ፊስቱላን በ17 ጌጅ (ቀጭን) መርፌ፣ የደም ሥሩን የኋላ ግድግዳ ሳልበሳ መውጋት» ግን ግማሾቹን አማራጮች ወዲያው ይጥላል።

ከዚያ ክፍተቱ ከአራቱ ከየትኛው እንደሚመደብ ይታያል። ክሎራሚን (የቧንቧ ውሃን ለማጽዳት የሚጨመር የክሎሪን ውህድ) ቀይ የደም ሕዋስን ለምን እንደሚያፈርስ አለማወቅ የዕውቀት ክፍተት ነው። መርፌ ማስገባት ወይም ካቴተር (ትልቅ ደም ሥር ውስጥ የሚገባ የእጥበት ቱቦ) ንጽሕናውን ጠብቆ መግጠም የእጅ ክፍተት ነው። በእጥበት መሐል የደም ግፊቱ በወረደ ታካሚ ላይ ምን ይቅደም፣ ማን ምን ይያዝ የሚለው የውሳኔና የቡድን ክፍተት ነው። አራተኛው ሥልጠና የማይፈታው ሲሆን ብዙ ገንዘብና ጊዜ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። የካቴተሩ ጫፍ በአንቲሴፕቲክ በደንብ ሳይታሽ የሚከፈተው ነርሷ ስለማታውቅ ላይሆን ይችላል። በሁለት ፈረቃ መካከል የተሰጣት ጊዜ አጥሮ፣ ወይም መጥረጊያው ከመጋዘን በሰዓቱ ሳይወጣ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ክፍል ሠራተኞች ለ3ኛ ጊዜ «የኢንፌክሽን መከላከል» ኮርስ ማስወሰድ ሰዎቹን ከማሰልቸት በቀር የሚያመጣው ለውጥ የለም።

በራስ ፍጥነት የሚጠና የኦንላይን ኮርስ

ለዕውቀት ክፍተት ከሁሉም የተሻለው ይህ ነው። የፈሳሽና የጨው ሚዛን፣ የመድኃኒት መጠን ማስተካከያ፣ የውሃ ጥራት ደረጃዎች፣ የእጥበት ብቃት ስሌት ተደጋግመው መነበብ ስለሚፈልጉ ለዚህ መንገድ ይስማማሉ።

ጥሩውን ኮርስ ከደካማው ለመለየት የእጥበት ብቃት መለኪያ የሆነው ኬቲ በቪ እንዴት እንደቀረበ ማየት ይበቃል። ደካማው በሳምንት 3 ጊዜ ለሚታጠብ ታካሚ ዝቅተኛው 1.2፣ ዒላማው 1.4 መሆኑን ነግሮ ያልፋል። ጥሩው ቁጥሩ መቼ እንደሚዋሽ ያሳያል። የድኅረ እጥበት ናሙና ፓምፑ በሙሉ ፍጥነት እየዞረ ከተወሰደ፣ አሁን የታጠበ ደም ተመልሶ ወደ ናሙናው ሊገባ ይችላል፤ ዩሪያው ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል፤ ኬቲ በቪም አለቅጥ ያማረ ይሆናል። ትክክለኛው አካሄድ ፈሳሽ መቀነሱን አቁሞ፣ ፓምፑን ወደ 100 ሚሊ ሊትር በደቂቃ አውርዶ፣ 15 ሰከንድ ጠብቆ ከአርቴሪያል መስመሩ (ደሙን ከታካሚው ወደ ማሽኑ ከሚያመጣው) ናሙና መውሰድ ነው። ይህን የማያነሳ ኮርስ የጻፈው ሰው ታካሚ አጠገብ ብዙ አልቆየም ብሎ መጠርጠር ይቻላል።

ከመክፈል በፊት አንድ ሞጁል ከፍተው የመጨረሻውን ጥያቄ ይዩ። «ፊስቱላ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ የሚፈትነው ትውስታን ብቻ ነው። «የደም ፍጥነቱና መርፌው ሳይለወጥ የቪነስ ግፊቱ (ደሙ ወደ ታካሚው የሚመለስበት መስመር ግፊት) በተከታታይ እጥበቶች እየጨመረ ከመጣ ምን ይጠረጠራል?» የሚል ጥያቄ ግን ሠልጣኙን ወደ ሥራው ይመልሰዋል፤ መልሱም የፊስቱላው መውጫ መጥበብ ነው። የተሳሳተ መልስ ሲመረጥ ለምን እንደተሳሳተ የሚያብራራ፣ ጥያቄዎቹንም ከሳምንት ከወር በኋላ መልሶ የሚያመጣ ኮርስ ብርቅ ነው፤ ከተገኘ ግን ትንሽ ቢወደድም ያዋጣል።

የተለመደው ውድቀት የታወቀ ነው፦ የ10 ሰዓቱ ኮርስ ፈቃድ ሊታደስ 2 ቀን ሲቀረው በአንድ ሌሊት ይከፈታል፣ «ቀጣይ» እየተጫኑ ያልፉታል፣ ፈተናው እስኪታለፍ ይደጋገማል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በሚሆኑ ክፍሎች ተከፋፍሎ በሳምንት 2 ጊዜ ቢወሰድ ያው ኮርስ ሌላ ኮርስ ይሆናል። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ ሞጁሉ ማውረድ ይቻል እንደሆነና እድገቱን ያስቀምጥ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ዌቢናር የዚሁ ዘመድ ነው። ብልጫው ጥያቄ መጠየቅ መቻሉ ነው፤ ጥያቄ መጠየቂያ ጊዜ ከሌለው ቅጂውን በኋላ ማየት ይሻላል። ከዌቢናሮች ሁሉ የሚመረጠው ተሳታፊው ክፍል የራሱን ታካሚ ሁኔታ ስም ሳይጠቅስ አቅርቦ ልምድ ካለው ባለሙያ ጋር የሚወያይበት ዓይነት ነው። ዓለም አቀፉ የኔፍሮሎጂ ማኅበርና ዓለም አቀፉ የፔሪቶኒየል ዲያሊሲስ ማኅበር የትምህርት ዝግጅቶችን በኦንላይን ያቀርባሉ፤ ፍለጋውን ከእነሱ መጀመር ጊዜ ይቆጥባል።

ሲሙሌሽን

እምብዛም የማይከሰት ነገር ግን ከተከሰተ በደቂቃዎች ሊገድል የሚችል ችግር በሥራ ላይ እስኪመጣ ተጠብቆ አይለመድም። የቪነስ መርፌ መውጣት ዋናው ምሳሌ ነው። ፓምፑ በ300 ሚሊ ሊትር በደቂቃ ሲሠራ በ5 ደቂቃ 1.5 ሊትር ደም ብርድ ልብስ ሥር ሊፈስ ይችላል። የግፊቱ አላርም ላይጮኽ የሚችልበት ምክንያት ደግሞ ብዙዎችን ያስገርማል፦ የቪነስ ግፊቱን በአብዛኛው የሚፈጥረው የመርፌው ጥበት ነው፤ መርፌው ከክንድ ቢወጣም ጥበቱ ከመርፌው ጋር አለ፤ ስለዚህ ግፊቱ የሚወርደው በጥቂቱ ሲሆን ከአላርሙ ዝቅተኛ ወሰን በላይ ሊቀር ይችላል። ይህን በስላይድ ያነበበ ሰው ይረሳዋል። ብርድ ልብሱን ገልጦ ቀይ ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ ያየ ሰው ግን ክንዱ ተሸፍኖ እንዲቀመጥ ዳግመኛ አይፈቅድም።

አየር ወደ ደም መስመር ሲገባም እንዲሁ ነው። ፓምፑን ማቆምና የቪነስ መስመሩን በክላምፕ መዝጋት የሐሳብ ጊዜ ሳይወስድ በእጅ መምጣት አለበት።

ውድ አሻንጉሊት ያለው ማዕከል የግድ የተሻለ አይደለም። ሥራ ላይ የማይውል ማሽን፣ ጊዜው ያለፈበት የቱቦ ስብስብና ባለቀለም ውሃ ለአብዛኛው ልምምድ ይበቃሉ። ማዕከላትን ሲያወዳድሩ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ በአንድ አሠልጣኝ ስንት ሠልጣኝ? ከልምምዱ በኋላ የሚደረገው ውይይትስ ስንት ደቂቃ ነው? 20 ሰዎች አንዱን ሲሠራ ቆመው ካዩ ያ ትርኢት ነው። ውይይቱ ከልምምዱ ካጠረ ደግሞ ትምህርቱ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ስህተቱ የሚተነተነው እዚያ ነውና።

ለመርፌ ማስገባት ግን ሰው ሠራሽ ክንድ ወሰን አለው። የደም ሥሩ አይንሸራተትም፣ አያብጥም፣ ታካሚው አይሸማቀቅም። የመርፌ አያያዝንና በአልትራሳውንድ የመርፌን ጫፍ መከተልን ለማስጀመር ይጠቅማል፤ ከዚያ በኋላ በቀናት ውስጥ እውነተኛ ታካሚ ላይ በክትትል ካልተሠራበት የዎርክሾፑ ጥቅም በፍጥነት ይተናል።

በሥራ ላይ፣ በአማካሪ ነርስ

ለእጅ ክፍተት ይህን የሚተካ የለም፤ በክሬዲት ነጥብ ረገድ ግን ብዙ ጊዜ ከሁሉም ያነሰ የሚቆጠርለት ይኸው ነው። ደረጃው ግልጽ መሆን አለበት፦ ሠልጣኙ ያያል፣ ከአማካሪው ጋር ይሠራል፣ እየታየ ብቻውን ይሠራል፣ ከዚያ ይለቀቃል። «20 ጊዜ ወግቷል» ብቻውን መለቀቂያ አይደለም፤ 20 ጊዜ ተመሳሳይ ስህተት መሥራትም ይቻላል።

የምልከታ ቅጹ ምን ያህል ዝርዝር እንደሆነ የሥልጠናውን ጥራት ይናገራል። ለፊስቱላ ጥሩ ቅጽ ከመርፌው በፊት ይጀምራል፦ በዓይን ማየት፣ ንዝረቱን በእጅ መዳሰስ፣ ድምፁን በስቴቶስኮፕ ማዳመጥ። ቀጥሎ የመውጊያ ቦታ አመራረጥ ይመጣል። በአንድ አካባቢ ደጋግሞ መውጋት ለነርሷ ቀላል፣ ለታካሚው ትንሽ ሕመም ያለው ስለሆነ ይወደዳል፤ ነገር ግን የደም ሥሩ ግድግዳ እዚያው ይደክምና ያብጣል። ስለዚህ ቦታው በደም ሥሩ ርዝመት እንደ መሰላል እርከን ሲለዋወጥ መታየት አለበት። የመርፌው መጠን ከደም ፍጥነቱ ጋር ይመዘናል፤ (የጌጅ ቁጥር ሲያንስ መርፌው ይወፍራል) በተለመደው አሠራር 17 ጌጅ ከ300 ሚሊ ሊትር በደቂቃ በታች፣ 16 ጌጅ እስከ 350 ገደማ፣ ከዚያ በላይ 15 ጌጅ ነው። የፓምፑ ፍጥነት ከመርፌው አቅም በላይ ከሆነ የአርቴሪያል ግፊቱ ከመጠን በላይ ወደ ኔጋቲቭ ይወርዳል፤ ስክሪኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነትና በእውነት የሚሄደው ደምም ይለያያሉ። መርፌ ሲነቀል ደግሞ ጫናው የሚደረገው መርፌው ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ ነው። እየነቀሉ መጫን የመርፌው ስለት የደም ሥሩን ግድግዳ እንዲቆርጥ ያደርጋል።

የዚህ መንገድ ትልቁ አደጋ አማካሪዋ ራሷ ናት። መጥፎ ልማድ ከነርስ ወደ ነርስ የሚተላለፈው በዚሁ መስመር ነው፤ ያውም «እኛ ጋ እንዲህ ነው የሚሠራው» በሚል ሙሉ እምነት። መከላከያው አማካሪዋ በዓመት አንድ ጊዜ በሌላ ሰው በዚያው ቅጽ እንድትታይ ማድረግና ቅጹን ከክፍሉ ልማድ ሳይሆን ከታወቀ መመሪያ መቅዳት ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ለካቴተር መግጠምና ማላቀቅ፣ ለፊስቱላና ለእጅ ንጽሕና የሚሆኑ የምልከታ ቅጾችን በነጻ ያቀርባል።

ሁለተኛው አደጋ የሥራ ጫና ነው። ክፍሉ አማካሪዋን ሙሉ የታካሚ ድርሻዋን አሸክሞ ሠልጣኝ ከጨመረላት፣ ሠልጣኙ በሁለተኛው ሳምንት ተጨማሪ እጅ ሆኖ ይገኛል። ወደ ሌላ ማዕከል ለልምምድ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የአማካሪዬ ታካሚ ቁጥር ይቀነሳል ወይ?» የሚለውን ነው።

ለሆድ እጥበት (ፔሪቶኒየል ዲያሊሲስ፣ ፈሳሽ ሆድ ውስጥ እየተጨመረና እየወጣ የሚደረግ እጥበት) ሥልጠና አንድ ነገር ይጨመራል። እዚህ ሥራውን በየቀኑ የሚሠራው ታካሚው ወይም ቤተሰቡ ስለሆነ ነርሷ አስተማሪ ናት። የፔሪቶናይትስ (የሆድ ዕቃ ሽፋን ኢንፌክሽን) መለያን የሚያስተምር ኮርስ ብዙ ነው፦ የደፈረሰ ፈሳሽ፣ ቢያንስ 2 ሰዓት ሆድ ውስጥ ከቆየ በኋላ በማይክሮ ሊትር ከ100 በላይ ነጭ የደም ሕዋስ፣ ከእነሱም ከ50 በመቶ በላይ ኒውትሮፊል። የሚጎድለው ላልተማረ አዋቂ ከረጢት መቀየርን እንዴት ማስተማርና መቻሉን እንዴት ማረጋገጥ እንደሚቻል የሚያሳየው ነው። ያ ክፍል የሌለው ኮርስ ግማሽ ነው።

የአምራች ሥልጠና፣ በተለይ ለውሃ ክፍሉ

የስህተት ኮድ፣ የጥገና ጊዜ፣ የፀረ ተሕዋስያን ዑደት፣ መለኪያ ማስተካከል ከአምራቹ በተሻለ የሚያውቅ የለም። ለቴክኒሺያን ይህ ሥልጠና መነሻ ነው። ችግሩ ቁልፉን እንጂ ምክንያቱን አለማስተማሩ ነው፤ በውሃ ክፍል ውስጥ ደግሞ ምክንያቱን አለማወቅ ዋጋ ያስከፍላል። በ1996 በብራዚል ካሩዋሩ ከተማ በአንድ ማዕከል የእጥበት ውሃው በማይክሮሲስቲን መርዝ ተበክሎ ከ50 በላይ ታካሚዎች ሞተዋል።

ክሎሪንና ክሎራሚንን ከውሃው የሚያስወግደውን የካርቦን ታንክ እንውሰድ። በአምራች ሥልጠና «ክሎሪን ይለኩ» ይባላል። በቂ ሥልጠና ግን ናሙናው ከሁለቱ ታንኮች መካከል እንደሚወሰድ፣ ሥርዓቱ ቢያንስ 15 ደቂቃ ከሠራ በኋላ ከእያንዳንዱ ፈረቃ በፊት እንደሚለካ፣ ጠቅላላ ክሎሪን ከ0.1 ሚሊ ግራም በሊትር መብለጥ እንደሌለበት ከነምክንያቱ ይነግራል። የመጀመሪያው ታንክ ሲደክም ሁለተኛው ጊዜ ይገዛል፤ ከሁለቱም በኋላ ብቻ የሚለካ ሰው ችግሩን የሚያየው መሸሸጊያው ካለቀ በኋላ ነው። ስሌቱንም ያሠራል፦ በአንድ ታንክ 100 ሊትር ካርቦን ካለና ውሃው በደቂቃ 20 ሊትር ከሄደ፣ የመገናኛ ጊዜው 5 ደቂቃ ነው፤ ሁለቱ ታንኮች 10 ይሰጣሉ፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ክፍሉ ማሽን ጨምሮ ፍሰቱ 30 ሊትር ሲደርስ በየታንኩ ወደ 3.3 ደቂቃ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ማንም ምንም «ሳይነካ» ክሎራሚን ሊያልፍ ይችላል።

ከአምራች የማይወሰደው የሕክምና ምርጫ ነው። የትኛው ማጣሪያ፣ የትኛው የእጥበት ዓይነት ለየትኛው ታካሚ ይሻላል የሚለውን ከሻጩ መማር ነጻ ቢሆንም ርካሽ አይደለም።

ጉባኤና የሰርተፊኬሽን ፈተና

ጉባኤ ለአዲስ ሐሳብና ለትውውቅ ነው፤ ለእጅ ክፍተት የሚሰጠው ጥቂት ነው። የሰርተፊኬሽን ፈተና ደግሞ ጥቅሙ በሥርዓት ማስጠናቱ ላይ ነው፦ በየቀኑ የማይነኩትን ንቅለ ተከላን፣ የሕፃናት እጥበትን፣ የአጥንት ማዕድን መዛባትን ያስከፍታል። ከመመዝገብ በፊት የሚጠይቀው የሥራ ልምድ፣ የሚያገለግልበት ዘመን፣ የማደሻው ሰዓትና በሚሠሩበት ቦታ ዕውቅና ያለው መሆኑ ይጣራል።

ይዘቱ አርጅቶ እንደሆነ የሚለይባቸው ቁጥሮች

ሽፋኑ ላይ ያለው ዓመት አያስተማምንም፤ አሮጌ ስላይድ በአዲስ ቀለም ይቀባል። የሚከተሉት ግን ይናገራሉ። ለእጥበት ውሃ የባክቴሪያ ወሰን 200፣ የኢንዶቶክሲን (የባክቴሪያ መርዝ) 2 ዩኒት በሚሊ ሊትር ነው የሚል ትምህርት ያለፈበትን ደረጃ ይጠቅሳል፤ የአሁኑ ዓለም አቀፍ ደረጃ ባክቴሪያውን ከ100፣ ኢንዶቶክሲኑን ከ0.25 በታች ይፈልጋል። ነጻ ክሎሪንና ክሎራሚንን ለየብቻ ወሰን የሚሰጥም እንዲሁ የቀድሞው ነው። ለሆድ እጥበት፣ የዓለም አቀፉ የፔሪቶኒየል ዲያሊሲስ ማኅበር የ2022 መመሪያ የፔሪቶናይትስ መጠን በታካሚ በዓመት ከ0.4 እንዳይበልጥ ይላል፤ 0.5 የሚል ኮርስ በ2016 ቆሟል። ለደም ሥር መግቢያ ደግሞ «ለሁሉም ፊስቱላ ይቅደም» ብቻ የሚል ትምህርት ከ2019ኙ የአሜሪካ መመሪያ በፊት ያለውን አስተሳሰብ ይዟል፤ አዲሱ የእያንዳንዱን ታካሚ የሕይወት ዕቅድ ያስቀድማል። ከእነዚህ በሁለቱ የወደቀ ኮርስ በነጻም ቢሆን አይመከርም።

ስለ ሰዓትና ነጥብ

አሃዶቹ ስለሚምታቱ መጠንቀቅ ነው። በብዙ የነርሲንግ ኮርሶች 1 የግንኙነት ሰዓት 60 ደቂቃ ሲሆን 1 ሲኢዩ (የተከታታይ ትምህርት አሃድ) የሚባለው ደግሞ 10 የግንኙነት ሰዓት ነው፤ «0.5» ተብሎ የተጻፈው 5 ሰዓት ሊሆን ይችላል። ፈቃድ ሰጪው አካል ነጥቡን መቀበሉ ከክፍያ በፊት በጽሑፍ ይጠየቅ። በምስክር ወረቀቱ ላይ ሙሉ ስም፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የአቅራቢው ስምና ዕውቅና የሰጠው አካል መኖር አለባቸው፤ አንዱ ከጎደለ በዕድሳት ጊዜ ጣጣ ነው።

ለማን ምን?

አዲስ ነርስ፦ አጭር የኦንላይን መሠረታዊ ኮርስ፣ ወዲያው በአማካሪ ነርስ ሥር ልምምድ፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ አንድ የድንገተኛ ሁኔታ ሲሙሌሽን። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የኦንላይኑ ዕውቀት እጁ እስኪደርስበት ይጠፋል።

ዓመታት የሠራ ነርስ፦ ሌላ መሠረታዊ ኮርስ አያስፈልገውም። በምልከታ ቅጽ መታየት፣ ከዚያ የታየውን ክፍተት ብቻ የሚሞላ ነገር። አስተማሪ ለመሆን ካሰበ አዋቂን የማስተማርና ግብረ መልስ የመስጠት ሥልጠና ከሰርተፊኬሽን ፈተናው ይቀድማል።

ቴክኒሺያን፦ የአምራቹ ሥልጠና ሲደመር ገለልተኛ የውሃ ጥራት ኮርስ። አንዱ ብቻ የሚፈቀድ ከሆነና ማሽኖቹን የሚጠግን ሌላ ባለሙያ ካለ፣ የውሃውን ይምረጥ።

ተረኛ ሐኪም፦ በታካሚ ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ውይይት። በማሽኑ ላይም ግማሽ ቀን፤ አላርሙን የማያነብ ሐኪም ያዘዘው የፈሳሽ መጠን ለምን እንዳልወጣ አይገባውም።

መሥራቱን ማወቂያ

ከሥልጠናው በፊት የ3 ወር መነሻ ቁጥር ይያዝ፦ ከ100 የመርፌ ማስገባት ስንቱ ደም ወደ ሥጋ አፈሰሰ፣ በ100 የታካሚ ወር ስንት የደም ኢንፌክሽን ተመዘገበ። ትንሽ ክፍል ውስጥ ኢንፌክሽን ጥቂት ስለሆነ ቁጥሩ በዕድል ይወጣል ይወርዳል፤ ስለዚህ 20 ታካሚ ያለው ክፍል ውጤቱን ከመቁጠር ሂደቱን ቢመለከት ይሻለዋል። 10 የካቴተር መግጠሞች ሳይነገር በቅጹ ይታዩ፤ ከ3 ወር በኋላ ሌላ 10። ከሥልጠናው በኋላም በ4ቱ ላይ አንቲሴፕቲኩ ሳይደርቅ ከተገጠመ ቀጣዩን ኮርስ ከመፈለግ በፊት የፈረቃው ሰዓት ሠሌዳ ይታይ።